ቪም፦ የቃል ማሟያ ዝርዝሩን እንደ ፍላጎት ማስተካከል

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ በትንሽ ላፕቶፕ ኮድ ለሚጽፉ ተማሪዎች ቪም የተባለውን የጽሑፍና የኮድ ማዘጋጃ ፕሮግራም ያለ ማመንታት እመክራለሁ። የጀመርነውን ቃል ለመጨረስ አማራጮችን የሚያቀርበው የቃል ማሟያ ዝርዝር ካልተስተካከለ ስክሪኑ የፈቀደለትን ያህል ረዝሞ የምንጽፈውን ኮድ ይሸፍናል፤ «ፐምሃይት» (pumheight) የተባለውን ቅንብር 10 ማድረግ ግን ከ10 መስመር እንዳያልፍ ይገድበዋል፣ የቀረውም በማሸብለል ይታያል። ኮንትሮልና ኤን ወደ ታች፣ ኮንትሮልና ፒ ወደ ላይ አንድ በአንድ ሲወስዱ፣ ፔጅ ዳውን በርካታ ቃላትን በአንዴ ያሻግራል።

ከሁሉ የወደድኩት ዝርዝሩ መከፈቱን የሚለየውን «ፐምቪዚብል» (pumvisible) የተባለ ፈንክሽን ነው፤ በእርሱ አማካይነት የታብ ቁልፍ ዝርዝሩ ሲከፈት ወደሚቀጥለው ቃል እንዲወርድ፣ ሲዘጋ ግን የተለመደ ሥራውን እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል። ቅንብሩ በጽሑፍ ፋይል መጻፉ ጀማሪን ያደክማል። ሆኖም ፕሮግራሙ በነጻ የሚገኝ ነው፤ ከተከፈቱ ፋይሎች የሚያመጣቸው ቃላትም ኢንተርኔት ሲቋረጥ አይጠፉም።