ከቶኪዮ ደርሶ መልስ፦ የትኛውን ትኬት፣ ከየትኛው ጣቢያ?

ቶኪዮ ገብቶ አንዱን ቀን ከከተማ ወጣ ለማለት የሚያስብ ሰው ብዙ ጊዜ ከሦስት ቦታዎች አንዱን ይመርጣል። ትልቁ የቡድሃ ሐውልት ያለበት ካማኩራ፣ የጥንቱ የጃፓን ገዢ የቶኩጋዋ መቃብርና ቤተ መቅደሶች ያሉበት ኒኮ፣ ፍል ውሃና ተራራ ያለበት ሃኮኔ። ሦስቱም ጠዋት ሄዶ ማታ ለመመለስ ይመቻሉ። ባቡሩ በሰዓቱ ይነሳል፣ በሰዓቱ ይደርሳል። ቀኑን የሚበላው ጣቢያው ውስጥ መንከራተት ነው።

መንከራተቱ የሚጀምረው ደግሞ ከትኬቱ ነው። የጃፓን ባቡር የአንድ ድርጅት አይደለም። የመንግሥት የነበረው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1987 ተከፋፍሎ ጄአር የሚባሉት ኩባንያዎች ተፈጠሩ። ከእነሱ ጎን ኦዳክዩ፣ ቶቡ፣ ኬሴ የሚባሉ ሌሎች የግል ኩባንያዎች አሉ። እያንዳንዱ የራሱ በር፣ የራሱ ትኬት መሸጫ፣ የራሱ መሳፈሪያ አለው። የአንዱን ትኬት ይዞ በሌላው በር ማለፍ አይቻልም። ትኬት ስትገዙ እግረ መንገዳችሁን ጣቢያውንም በሩንም መረጣችሁ ማለት ነው። ለዚህ ነው ሁለቱን አብሬ የማወዳድረው።

ካርድ፣ ወረቀት ወይስ ፓስ?

ብቻውን ወይም ከጓደኛው ጋር ለሚጓዝ አዋቂ፣ ያለ ብዙ ማሰብ አስቀድሞ ገንዘብ የሚሞላበት ካርድ እላለሁ። ሁለት ስም ትሰማላችሁ። ሱይካ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ያለ የጄአር ካርድ ነው። ፓስሞ በ2007 በከተማዋ የምድር ውስጥ ባቡሮችና በግል ኩባንያዎቹ በኩል የመጣ ነው። ለእንግዳ ልዩነት የላቸውም። አንዱ የሚሠራበት ሌላውም ይሠራል። ቶኪዮ ውስጥ የኩባንያ አጥር የሚያዘልላችሁ ይሄ ካርድ ነው። በጄአር በር ገብታችሁ በሌላ ኩባንያ በር ብትወጡ ሂሳቡን ራሱ ይሠራዋል።

በሩ ላይ የሚሆነው እንዲህ ነው። ካርዱን ማንበቢያው ላይ ታስነካላችሁ፤ የቀረው ገንዘብ ትንሿ ስክሪን ላይ ብልጭ ይላል። ገንዘቡ ካልበቃ ሁለቱ ክንፎች ይዘጋሉ፣ ቀይ መብራት ይበራል። ከኋላ የሚመጣው ሰው ብዙ ነውና ወዲያው ወደ ጎን ውጡ። በሩ አጠገብ፣ በውስጥ በኩል፣ የጎደለውን የምትከፍሉበት ማሽን አለ። ለካርድ መሙያ ብዙዎቹ ማሽኖች ጥሬ ገንዘብ ብቻ ነው የሚቀበሉት። ስለዚህ ጥቂት የን ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር።

መደበኛው ካርድ 500 የን መያዣ አለው፤ ካርዱን ስትመልሱ ይመለስላችኋል። ለቱሪስት የተዘጋጀው ዌልካም ሱይካ መያዣ የለውም። ግን ከ28 ቀን በኋላ አይሠራም፣ የተረፈው ገንዘብም አይመለስም። ለአጭር ቆይታ እሱ ይሻላል፤ ብቻ ብዙ ገንዘብ አትሙሉበት። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ለሚመጣ የሚያርፍበት ናሪታ አውሮፕላን ማረፊያ ይሸጣል። እዚያው ገዝቶ መውጣት ነው። አይፎን የያዘ ሰው ፕላስቲኩም አያስፈልገውም፤ ካርዱን ስልኩ ውስጥ መክፈት ይችላል። ከጃፓን ውጭ የተገዙ ሳምሰንግና ሌሎች የአንድሮይድ ስልኮች ግን በአብዛኛው ይህን አይችሉም። አብዛኛው ሰው የሚይዘው አንድሮይድ ስለሆነ ይህን ሳያጣሩ በስልኬ እከፍላለሁ ብሎ መነሳት አይገባም።

የወረቀት ትኬት የሚያሸንፈው ልጆች ሲኖሩ ነው። ከ6 እስከ 11 ዓመት ያሉ ልጆች ግማሽ ይከፍላሉ። ለልጅ ካርድ ለማውጣት መስኮት ላይ ሄዶ ፓስፖርት ማሳየት ያስፈልጋል። በወረቀት ከሆነ ማሽኑ ላይ የልጅ የሚለውን መንካት ብቻ ነው። ማሽኖቹ በእንግሊዝኛም ይሠራሉ፤ ዋጋው ከማሽኑ በላይ በተሰቀለው ካርታ ላይ ተጽፏል። ካርታው ግራ ካጋባችሁ ርካሹን ትኬት ግዙና ግቡ። ስትወርዱ ልዩነቱን ማሽኑ ላይ ትከፍላላችሁ። ይህ የተፈቀደ ነው፤ አገሬውም የሚያደርገው ነው። ትኬቱን በሩ ላይ በዚህ በኩል ስታስገቡት በዚያ በኩል ብቅ ይላል። ማንሳት እንዳትረሱ፤ ለመውጫ ያስፈልጋል። ወረቀት የሚቀበሉት በሮችም ሁሉም ስላልሆኑ ማስገቢያ ቀዳዳ ያለውን ፈልጉ።

ፓስን፣ ማለትም አንዴ ተከፍሎበት ለተወሰኑ ቀናት የሚያስጉዘውን ትኬት፣ በተመለከተ ብዙ ሰው አሁንም በድሮ ምክር ይሄዳል። አገር አቀፉ የጄአር ፓስ የሰባት ቀኑ 29,650 የን ነበር። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ 50,000 የን ገባ። ቶኪዮ ተቀምጦ ደርሶ መልስ ለሚል ሰው ይህን መክፈል ገንዘብ መጣል ነው። ሊታሰብበት የሚገባው ቶኪዮ ዋይድ ፓስ የሚባለው ነው። ለተከታታይ ሦስት ቀን ነው፤ በዚያው የዋጋ ለውጥ 15,000 የን ሆኗል። ወደ ኒኮ ሺንካንሰን በሚባለው እጅግ ፈጣን ባቡር ለመሄድ በአንድ በኩል ብቻ ከ5,000 የን በላይ ይወጣል። ከሦስቱ ቀን ሁለቱን እንደ ኒኮና ካሩይዛዋ ያሉ ራቅ ያሉ ቦታዎች በሺንካንሰን ከሄዳችሁ ያዋጣል። አንድ ቀን ኒኮ፣ ሁለት ቀን ቶኪዮ ከሆነ አያዋጣም።

ካማኩራ፦ ቶኪዮ ጣቢያ ወይስ ሺንጁኩ?

ከሁለቱም ቀጥታ ባቡር አለ። ሁለቱም አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃሉ፣ 1,000 የን አካባቢ ነው። እኔ ቶኪዮ ጣቢያን እመርጣለሁ። የዮኮሱካ መስመር ባቡር ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ ዙሺ ወይም ኩሪሃማ የሚለውን መያዝ ነው። መሳፈሪያው ግን ጥልቅ ነው። በማሩኖኡቺ በኩል፣ ቀይ ሸክላ ሕንፃው ባለበት ወገን፣ አምስት ፎቅ ወደታች ይወርዳል። ለመውረዱ ብቻ አሥር ደቂቃ ያዙለት።

ከሺንጁኩ የሚነሳው ሾናን ሺንጁኩ የሚባለው መስመር ነው። ችግሩ በአንድ መሳፈሪያ ላይ መድረሻቸው የተለያየ ባቡሮች መምጣታቸው ነው። ዙሺ የሚለው ካማኩራ ያደርሳችኋል። ኦዳዋራ የሚለው ግን ኦፉና ላይ ተለይቶ ይሄዳል፤ እዚያ ወርዶ መቀየር ያስፈልጋል። ስም መያዝ ለሚከብደው ደግሞ የጣቢያ ቁጥር አለ። በላቲን ፊደልና በቁጥር የተጻፈ ነው፤ የካማኩራ ቁጥር 07 ነው። በባቡሩ በር ላይ ከተለጠፈው የመስመር ካርታ ላይ ቁጥሩን እየተከታተሉ መሄድ ይቻላል።

ሃኮኔ፦ ኦዳክዩ ወይስ ሺንካንሰን?

ከቶኪዮ ጣቢያ በሺንካንሰን ኦዳዋራ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ከዚያ ተራራ የሚወጣውን ትንሽ ባቡር መያዝ ነው። ፈጣን ነው፣ ግን ዋጋው ከፍ ያለ ነው፣ መቀየርም አለበት። ሮማንስካር የሚባለው የኦዳክዩ ባቡር ከሺንጁኩ ተነስቶ ሳትቀይሩ ሃኮኔ ዩሞቶ ያወርዳችኋል። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ 2,500 የን አካባቢ ይፈጃል፤ መቀመጫው ሁሉ በቁጥር ነው። ባቡሩን፣ የገመድ ላይ ጉዞውን፣ የሐይቁን ጀልባና አውቶቡሱን የሚያጠቃልለው ሃኮኔ ፍሪፓስም የኦዳክዩ ነው። ዙሪያውን ሁሉ ለመዞር ያሰበ ሰው ለአንድ ቀንም ቢሆን ይውሰደው። የሮማንስካሩ መቀመጫ ግን ለብቻው ይከፈላል።

እንግዲህ የዚህ ምርጫ አስቸጋሪው ነገር ሺንጁኩ ጣቢያ ነው። በዓለም ላይ ብዙ ሰው የሚያስተናግድ ጣቢያ ተብሎ የተመዘገበ ነው። በቀን ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሰው የሚመላለስበት፣ ከ200 በላይ መውጫ ያለው ጣቢያ ነው። «ሺንጁኩ እንገናኝ» ብሎ መቀጣጠር አይሠራም፤ የበሩን ስም ጨምሩ። ለኦዳክዩ የምዕራብና የደቡብ በሮች አሉ። የምዕራቡ ወገን የረጅም ጊዜ ግንባታ ላይ ስለሆነ መንገዱ ይቀያየራል። በደቡቡ ግቡ።

የደቡብ በር ሌላም ጥቅም አለው፤ በመንገዱ ደረጃ ላይ ነው። ውስጥ ለውስጥ ግራ ሲገባችሁ በደቡብ በር ውጡና ሰማይ እያያችሁ አቅጣጫችሁን አስተካክሉ። ፊት ለፊት የምታዩት ሰፊ መንገድ ኮሹ ካይዶ ይባላል። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 21 ቀን 1964 ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሲያሸንፍ የሮጠው በዚህ መንገድ ነው። ባቡሩ አሥር ደቂቃ ቢቀረው እንኳን እዚያ ቆም ብሎ ማየት ለእኛ ተገቢ ነው።

ኒኮ፦ አሳኩሳ

እዚህ ላይ ብዙ ማመዛዘን አያስፈልግም። የቶቡ አሳኩሳ ጣቢያ የገበያ አዳራሽ ሕንፃ ላይ ያለ ትንሽ ጣቢያ ነው። ደረጃውን ስትወጡ በሩ ፊታችሁ ነው፤ መጥፋት አይቻልም። መሳፈሪያው ስለታጠፈ በባቡሩና በጠርዙ መሀል ሰፊ ክፍተት አለ። ሠራተኞች መሻገሪያ ሳንቃ ያኖራሉ፤ አረጋውያንና ልጆች ይዛችሁ ከሆነ በሳንቃው በኩል ግቡ። ፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ኒኮ ይደርሳል፤ ከሺንካንሰኑም በብዙ ይረክሳል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ጹኩባ ኤክስፕረስ የሚባለው መስመርም አሳኩሳ የሚባል ጣቢያ አለው፤ በእግር ራቅ ይላል። ካርታ ላይ ቶቡ የሚለውን አረጋግጡ። ቶኪዮ ዋይድ ፓስ የያዘ ሰው ግን በኡኤኖ በኩል በሺንካንሰን ኡጹኖሚያ ሄዶ ቢቀይር ይሻለዋል፤ ተጨማሪ አይከፍልም።

ሻንጣና መመለሻ

ሻንጣ ይዛችሁ ከሆነ በሳንቲም ወይም በዚያው ካርድ የሚከፈት ሎከር በብዙ ጣቢያዎች አለ። ትልልቆቹ ቶሎ ይያዛሉ። ከምትነሱበት ይልቅ ሆቴላችሁ ቢቀመጥ ይመረጣል። ሎከር ከተጠቀማችሁ አጠገቡ ያለውን በር ስም በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ ማታ ስትመለሱ በሌላ በር ከወጣችሁ ፍለጋው ከባድ ነው። ጣቢያ ውስጥ መውጫን የሚያመለክተው ቢጫ ሰሌዳ ነው። ወለሉ ላይ ያለው ጎርበጥባጣ ቢጫ መስመር ግን ለዓይነ ስውራን የተሠራ ነው፤ ሴይቺ ሚያኬ የሚባል ጃፓናዊ የፈጠረው ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1967 ኦካያማ ውስጥ የተጀመረ ነው። ሻንጣ አቁሙበት ብሎ ማንም አይፈቅድላችሁም፤ እናንተም አታቁሙበት።

ካማኩራ ለሚሄድ መመለሻው አያሳስብም፤ የመጣውን ባቡር መያዝ ነው። ሃኮኔና ኒኮ ግን የቁጥር መቀመጫ ስለሆነ፣ በተለይ ቅዳሜና እሁድ፣ ከሰዓት በኋላ የሚመለሱት ባቡሮች ይሞላሉ። የመመለሻውን መቀመጫ ጠዋት፣ ገና ሳትነሱ፣ ከመሄጃው ጋር አብራችሁ ግዙ።