«የጂን ምርመራ ከባዮፊልም ማጥፊያ ጋር» በሚል የሚሸጠውን ጥቅል ከመግዛታችሁ በፊት

የብልት ፈንገስ እየተመላለሰ የሚያሠቃያችሁ እህቶቼ፣ በፖስታ የሚላክ «የጂን ምርመራ» ከስድስት ወር «ባዮፊልም ማጥፊያ» እንክብል ጋር አጣምረው ሲያቀርቡላችሁ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን እንድታነቡልኝ እለምናለሁ፤ እኔ ገዝቼ ገንዘቤንም ጤናዬንም ጎድቻለሁና።

ማስታወቂያው የሚያሳምነው ከእውነት ስለሚነሣ ነው። ካንዲዳ አልቢካንስ የተባለው ፈንገስ ራሱ በሚያመነጨው ዝልግልግ ሽፋን ውስጥ ተከማችቶና ተጣብቆ መኖር ይችላል፤ ባዮፊልም የሚባለው ይህ ሲሆን፣ በውስጡ የተሸሸጉትን ሴሎች መድኃኒት በቀላሉ አያጠፋቸውም። እንዲጣበቅ የሚረዱት ኤ-ኤል-ኤስ-3 እና ኤች-ደብሊው-ፒ-1 የተባሉ ጂኖችም በሚገባ የታወቁ ናቸው።

ማታለሉ የሚጀምረው የጂን መኖርና የጂን መሥራት አንድ ተደርገው ሲቀርቡ ነው። እነዚህ ጂኖች ምንም ሕመም በማይሰማት ሴት ብልት በሚኖረው አልቢካንስ ውስጥም ስላሉ፣ መገኘታቸው ብቻውን ሕመሙ ለምን እንደሚመላለስ አይናገርም። ጂኑ እየሠራ መሆኑን ለማወቅ ጂኑ ሲሠራ የሚወጣው ቅጂ፣ ማለትም አር-ኤን-ኤ፣ መለካት አለበት፤ እርሱ ደግሞ ወዲያው ካልቀዘቀዘ ወይም በማቆያ ፈሳሽ ውስጥ ካልገባ ቶሎ ይበላሻል። ለእኔ የላኩልኝ ግን ደረቅ ጥጥና ባዶ የፕላስቲክ ቱቦ ነበር። ናሙናው ቀናት ተጉዞ የመጣው ውጤት «ኤች-ደብሊው-ፒ-1፦ ከፍተኛ እንቅስቃሴ» ይላል፣ በቀይ ተጽፎ። እንክብሉን ስድስት ወር ውጬ ማሳከኩ ሲብስብኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ በካልቸር (ናሙናውን በላቦራቶሪ አሳድጎ በሚለይ ምርመራ) የተገኘው ካንዲዳ ግላብራታ የተባለ ሌላ የፈንገስ ዝርያ ነው። ይህ ዝርያ ያንን ጂን ጭራሹኑ የለውም፣ ፍሉኮናዞል የተባለውን የተለመደ የፈንገስ መድኃኒትም ብዙ ጊዜ ይቋቋማል።

እንክብሉ ኢንዛይም ነው። ኢንዛይም ፕሮቲን በመሆኑ እንደማንኛውም ምግብ በሆድ ውስጥ ይፈጫል፤ ብልት ደርሶ ሽፋን ያሟሟል የሚለውን የሚደግፍ ማስረጃ አልቀረበልኝም።

በዓመት 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተመላለሰባችሁ ዝርያውን የሚለይ ካልቸር እንዲሠራላችሁ ጠይቁ። አልቢካንስ ከሆነ የተለመደው ሕክምና 150 ሚሊግራም ፍሉኮናዞል በየ72 ሰዓቱ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያም በሳምንት አንዴ ለስድስት ወር ነው፤ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ግን ይህ አይሆንላችሁም፣ ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩ። አንዳንዶቹ ሻጮች ቦሪክ አሲድም ይጨምሩበታል። ቦሪክ አሲድ ሐኪም ሲያዝ በብልት ብቻ የሚገባ ነው፤ ቢዋጥ ሊገድል ስለሚችል ከሌላው እንክብል ጋር በአንድ ቦታ አታስቀምጡት።