ካርዶቼን አንቀው «ቀዘቀዘልሽ» አሉኝ

ከሱቁ አሁን መመለሴ ነው። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው፤ ነገ ከሆነ «እግዜር ይይላቸው» ብዬ ልተወው እችላለሁ። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ገላን አካባቢ ያላችሁ፣ ሁለትና ሦስት ግራፊክስ ካርድ ባለው ኮምፒውተር ላይ ዋተር ኩሊንግ (ካርዱን በሚዞር ውሃ ማቀዝቀዣ) ለማሠራት ያሰባችሁ፣ እባካችሁ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቡ።

የሱቁን ዓይነት ታውቁታላችሁ። ኮንዶሚኒየም ሥር ነው። መስታወቱ ላይ ቀይና ሰማያዊ መብራት ይበራል። ቲክቶክ ላይ በየቀኑ የሚያብረቀርቅ ኮምፒውተር ይለጥፋሉ። ቴሌግራም ላይ ዋጋ ስትጠይቁ «ኢንቦክስ» ይላሉ። ደረሰኝ ስትሉ «በደረሰኝ ከሆነ ቫት 15 በመቶ ይጨመራል» ይላሉ። ዋራንቲ ስትሉ «ምን ችግር አለ፣ እኛ እዚሁ ነን» ይላሉ። ሁላችንም እዚህ በር ላይ ቆመን እናውቃለን።

ሥራዬ የሕንፃ ዲዛይን ምስል ማውጣት ነው። አርክቴክቶች ፕላን ይልኩልኛል፤ እኔ ብሌንደር በሚባለው ፕሮግራም ሠርቼ ቤቱ ተሠርቶ ያለቀ እስኪመስል ድረስ ምስልና ቪዲዮ አወጣላቸዋለሁ። ለዚህ ሁለት አርቲኤክስ 3090 ግራፊክስ ካርድ አለኝ። እያንዳንዱ 24 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው፤ ዛፉና መኪናው የበዛ የሰፈር ፋይል ከዚህ ባነሰ ካርድ ላይ አይሄድልኝም። እንጀራዬ ናቸው። ችግራቸው ሙቀት ነው። አንዱ ካርድ እስከ 350 ዋት ይበላል፤ ሁለቱ 700። ተጠጋግተው ሲቀመጡ የታችኛው የተፋውን ትኩስ አየር የላይኛው ይስበዋል። ረጅም ሬንደር ላይ፣ ማለትም ካርዱ ምስሉን ሲያወጣ፣ የላይኛው ይግልና ፍጥነቱን ይቀንሳል። ወደ ውሃ የሄድኩት ለዚህ ነው።

ከመቶ ሺህ ብር በላይ ከፈልኩ። ሁለት ብሎክ (ካርዱ ላይ ተገጥሞ ሙቀቱን ወደ ውሃው የሚያሻግር ብረት)፣ አንድ ባለ 360 ሚሊሜትር ራዲያተር፣ ፓምፕ፣ የውሃ ማጠራቀሚያ፣ ቱቦ። «ለሁለት ካርድ አንድ ራዲያተር ይበቃል ወይ?» ብዬ ጠይቄያለሁ። ባለቤቱ ቀና ሳይል «እህቴ፣ አዲስ አበባ እኮ ብርድ ነው፤ ይተርፋል» አለኝ።

አይተርፍም። ይህን ሥራ የሚያውቁ ሰዎች ፋኑ እንዳይጮህ ከተፈለገ ለእያንዳንዱ 120 ሚሊሜትር ራዲያተር 100 ዋት ያህል ይመድባሉ። ባለ 360ው የሦስቱን ያህል ነው፤ 300 ዋት ማለት ነው። እኔ የጫንኩበት ፕሮሰሰሩን ሳይጨምር 700 ዋት ነው። ብርዱ ይረዳል፤ እውነት ነው። ግን እኛ ያለነው ከባህር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ነው፤ ባህር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይቀላል። ስለዚህ ያው ፋን በያው ፍጥነት እየዞረ ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ዩቲዩብ ላይ የምናየው የፈረንጅ ቁጥር እዚህ እንዳለ አይሠራም። ይህን ለደንበኛ መናገር የሻጩ ሥራ ነበር።

ለማንኛውም ማሽኑ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር። ውሃ ቶሎ አይሞቅም። ግማሽ ሰዓት ሲያልፍ ግን ውሃው 50 ዲግሪ አለፈ፣ ካርዶቹ 80ን ተሻገሩ። መልሼ ወሰድኩላቸው።

«ፓምፑ ደካማ ነው፤ ደግሞ ሁለተኛው ካርድ የሚግለው ውሃው ከመጀመሪያው ሞቆ ስለሚመጣበት ነው። ቱቦውን ለየብቻ እናደርገዋለን፣ ፓምፕ እንቀይራለን፣ በቺፑና በብሎኩ መሀል የሚቀባውን ፔስትም እናድሳለን» አሉኝ። 28,000 ብር ጨመርኩ። በኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላው የቱቦው ወሬ ራሱ ባዶ ነው። ውሃው በደቂቃ 4 ሊትር ያህል እየዞረ ከሆነ፣ 700 ዋት ሙሉውን ቢቀበል እንኳ ከመግቢያው እስከ መውጫው የሚጨምረው ሁለት ዲግሪ ተኩል ብቻ ነው። የትኛው ካርድ ይቅደም፣ የትኛው ይከተል የሚለው ያን ያህል ለውጥ አያመጣም። ሁለቱ ካርዶች በ10 እና በ15 ዲግሪ ከተራራቁ አንዱ ብሎክ ከቺፑ ጋር በደንብ አልገጠመም ማለት ነው። መታየት የነበረበት እሱ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ያበገነኝ እሱ ነው።

ማሽኑን ልወስድ ስሄድ ቴክኒሻኑ ጠረጴዛው ላይ አቁሞት ጠበቀኝ። ልጅ እግር ነው፤ ትሑት ይመስላል። ኮምፒውተሩን አስነሳ። አንዲት ትንሽ ጥቁር መስኮት ከፈተ። እኔ ቦርሳዬን ወንበር ላይ እያስቀመጥኩ በጎን አየዋለሁ። በማውሱ አንድ ነገር ወደ ግራ ሳበ። አንዲት ሳጥን ላይ ምልክት አደረገ። ዘጋት። «ምንድን ናት እሷ?» አልኩት። «ፋኑን እያስተካከልኩልሽ ነው» አለኝ። ድምፁ ምንም አልተለወጠም። ከዚያ ፈተናውን አስጀመረ፤ የሙቀቱን ቁጥር በትልቁ አውጥቶ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። 49። ሁለተኛው ካርድ 51። ጣቱን ቁጥሩ ላይ አድርጎ «ቀዘቀዘልሽ! አየሽ?» አለኝ። አየሁ። ደስ አለኝ። አመስግኜው፣ የሻይ ብሎ የሚይዘው ነገር ሰጥቼው ወጣሁ። ያንን ብር በሁለት እጁ ነው የተቀበለኝ።

ማታ ለደንበኛ የማስረክበውን ሥራ ጫንኩ። ካርዶቹ ቀዝቃዛ ናቸው፤ ፋኑም ጸጥ ብሏል። ግን 11 ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ምስል 19 ደቂቃ ፈጀ። ፋይሉ ነው ብዬ ሌላ ሞከርኩ። ያው ነው። ከዚያ የካርዱን ሁኔታ የሚያሳየውን ትእዛዝ ጻፍኩ፣ ኤንቪዲያ ኤስኤምአይ የሚባለውን። ኃይል በሚለው ረድፍ ላይ ተጽፎ ያየሁት 175 ዋት ከ175 ዋት ይላል። በሁለቱም ላይ። 350 መሆን የነበረበት ጣሪያ ግማሽ ሆኗል።

ያቺ ጥቁር መስኮት አፍተርበርነር የሚባለው፣ የካርድ ኃይልና ፍጥነት የሚስተካከልበት ፕሮግራም ነበረች። ወደ ግራ የተሳበው የኃይል ጣሪያው ነው፤ 50 በመቶ ላይ ቆሟል። ምልክት የተደረገባት ሳጥን ደግሞ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ይህንኑ እንዲደግም የምታዝ ናት። በሬውን ከቀንበር ፈትቶ «ይኸው ማላቡን ተወ» እንደማለት ነው። ግማሽ ኃይል የሚበላ ካርድ የሚያወጣው ሙቀትም ግማሽ ነው። ለዚህ ፓምፕም፣ ፔስትም፣ የኔ 28,000 ብርም አያስፈልግም ነበር።

ጣሪያውን ወደ 100 መለስኩትና ለአርባ ደቂቃ ያህል አሠራሁት። 83። ያው የድሮው። የሜሞሪውን ሙቀት ሳየው ደግሞ 106 ነው። 3090 ላይ የሜሞሪ ቺፕ በካርዱ ፊትም ጀርባም አለ። ብሎኩ የሚነካው የፊቱን ብቻ ነው። የጀርባው ጥሩ ቴርማል ፓድ (ሙቀት የሚያሻግር ለስላሳ ንጣፍ) እና ሙቀቱን የሚቀበል ወፍራም የጀርባ ሳህን ካልተደረገለት ይጋግራል፤ 110 ሲደርስ ካርዱ ራሱ ፍጥነቱን ይቆርጣል። ሱቅ ውስጥ ይህን ቁጥር ማንም አላሳየኝም። ያሳዩኝ የዋናውን ቺፕ ብቻ ነው።

ራዲያተሩንም ጠረጠርኩት። ጥጉ ላይ ያለውን ጥቁር ቀለም በምላጭ ትንሽ ፋቅ አደረግሁት። መዳብ ቢሆን ቀላ ይል ነበር፤ ነሐስ ቢሆን ቢጫ። ከሥሩ የወጣው ነጭ የሚያብለጨልጭ ነው። አሉሚኒየም። «ሙሉ መዳብ» ብለው ነው የሸጡልኝ። ብሎኮቹ መዳብ ናቸው። መዳብና አሉሚኒየም አንድ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ፍርፋሪው ደግሞ ሄዶ የብሎኩን ቀጫጭን መስመሮች ይደፍናል። ማጠራቀሚያውን በስልክ መብራት ሳየው ውሃው ደፍርሷል። የሞሉትም ዲስቲልድ ውሃ ሳይሆን ከሱቅ የተገዛ የሚጠጣ የታሸገ ውሃ ነው፤ ባዶ ጠርሙሱን ካርቶኔ ውስጥ ረስተውታል።

ዛሬ ይህን ሁሉ ይዤ ሄድኩ። የስክሪኑን ፎቶ አትሜ፣ የተፋቀውን ራዲያተር በስልኬ አንስቼ። ባለቤቱ ስልኩ ላይ እየጻፈ ነበር። መጻፉን አላቋረጠም። አስረድቼ ስጨርስ ምን እንዳለኝ ቃል በቃል ልንገራችሁ። «ሙቀቱ ወርዷል አይደል? የጠየቅሽው እሱን ነው።»

«ሥራዬን በግማሽ ቀንሳችሁ ነው ያወረዳችሁት» አልኩት። «ካርድ ሲያረጅ ይዘገያል» አለኝ። ስለ ራዲያተሩ ሳነሳ «እህቴ፣ ይሄ ነገር ቴክኒካል ነው፤ ባለቤትሽን ይዘሽው ነይ፣ ለእሱ እናስረዳዋለን» አለኝ። ወንበር ላይ የተቀመጡት ሁለት ልጆች ሳቁ። እነዚህን ካርዶች የገዛኋቸው እኔ ነኝ። የምሠራባቸው እኔ ነኝ። ቁጥሩን ያነበብኩትም እኔ ነኝ። ያ ቴክኒሻን ጥግ ላይ ሆኖ ከአንድ ኬዝ ብሎን እየፈታ ነበር። ስሙን ጠርቼ «ፋኑን ነው ያስተካከልከው?» አልኩት። ቀና ብሎ አላየኝም። ባለቤቱ በእጅ የጻፉልኝን ወረቀት ገልብጦ ማኅተሙን አሳየኝ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»።

አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ቀኑ አላለፈብኝም። ነገ ጠዋት ማመልከቻዬን ይዤ ወደ ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ።

እናንተ ግን እዚያ ድረስ እንዳትደርሱ። ሙቀት ሲያሳዩአችሁ አብራችሁ የዋቱን ቁጥር ጠይቁ፤ የሜሞሪውንም። ፈተናው ቢያንስ አንድ ሰዓት ይሂድ፤ ወንበር ይስጧችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ። ለሁለት ትልልቅ ካርዶች አንድ 360 ይበቃል ካሏችሁ ውጡ። ደረሰኝ ላይ የራዲያተሩ ብረት ምን እንደሆነ ይጻፍ፣ ቫቱንም ክፈሉ።

እውነተኛ የመዳብ 360 ራዲያተር ያለው፣ ወይም ብሎክ ፈትቶ በሥርዓቱ አጥቦ የሚገጥም ሰው የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ። በቱሉ ዲምቱም ይሁን በቃሊቲ በኩል እመጣለሁ። ማሽኑን አሁን በ60 በመቶ ኃይል ነው የማሠራው፤ የተፋቀውን ራዲያተር እስክቀይር ከዚያ በላይ አልጭንበትም፣ ደንበኛዬንም ቀን እንዲጨምርልኝ ለምኜዋለሁ።