ቀለበቴን አይታ ያተረፈችኝ ሲስተር

እንደምን ናችሁ እህቶቼ? ወንድሞቼም። ልጄ ተኝቷል፣ አማቴ ገንፎ እያገነፉ ነው። እጄ ነፃ ሳለ ይህን ልጻፍ። ከወለድኩ ጀምሮ ሆዴ ውስጥ የከረመ ምስጋና ነው።

ማመስገን የምፈልገው ኮልፌ በኩል ባለ አንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ፣ የእርግዝና ክትትል ክፍል ውስጥ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ ነው። ስሟን ልጽፍ ብዬ ሳስፈቅዳት «ተይ በናትሽ፣ ሥራዬ እኮ ነው» አለችኝ። ስለዚህ ሲስተር እያልኩ እቀጥላለሁ። ልትሄዱባት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ለዚያ ፈቅዳልኛለች።

መጀመሪያ ግን የት እንደነበርኩ ልንገራችሁ፤ አለበለዚያ ደስታዬ አይገባችሁም። እርግዝናዬን እንዳወቅሁ የሄድኩት የግል ክሊኒክ ነበር። ስሙ ይቅር። ወንበሩ ያማረ፣ ቴሌቪዥኑ ትልቅ፣ ክፍያው አይጣል ነው። በሄድኩ ቁጥር አልትራሳውንድ። «ልጁ ደህና ነው፣ ልቡ ይመታል፣ ቀጣይ!» በቃ። ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀጣይዋ ሴት በር ላይ ቆማለች። የልጁን ፎቶ በየጊዜው ይሰጡኛል። አንቺስ እንዴት ነሽ ያለኝ ግን አንድም ሰው የለም። ክንዴ ላይ የግፊት መለኪያ የታሰረበትን ቀን ለማስታወስ እስካሁን እሞክራለሁ፣ አልመጣልኝም።

ወሩ እየገፋ ሲሄድ እግሬ አበጠ። «እርጉዝ እግሯ ያብጣል፣ ያለ ነው፣ ከፍ አድርገሽ ተኚ» ተባልኩ። ራስ ምታት መጣ። «ቡና ትተሻል አይደል? እሱ ነው» ተባልኩ። ከፍዬ የሰማሁት ምክር ይህ ነበር።

ሌላም አለ። አንድ ሌሊት ሆዴን ሲቆርጠኝ ባለቤቴ ቅርብ ወዳገኘው ቦታ ይዞኝ ሮጠ። ተረኛዋ ከስልኳ ቀና ሳትል «ካርድሽ እዚህ አይደለም፣ ክትትልሽ ያለበት ሂጂ» አለች። ባለቤቴ ሲለምናት ደግሞ «የመጀመሪያዋ ነው መሰለኝ፣ ትንሹም ነገር ያስጮሃታል» ብላ ሳቀች። ቆረጣው በራሱ ጊዜ ለቀቀኝ። ያ ሳቅ ግን እስከዛሬ አለቀቀኝም።

እግዚአብሔር ይስጣትና፣ ሲስተር ጋ እንድሄድ ያደረገችኝ ቤት ለቤት የምትዞረው የሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። «በመንግሥት ጤና ጣቢያ ክትትሉም ወሊዱም ነፃ ነው፣ ለምንድነው ገንዘብሽን የምትበትኚው?» ብላ ተቆጣችኝ። ባለቤቴ አመነታ። ነፃ ነገር ላይ ብዙዎቻችን እምነት የለንም።

ሰልፉ ረጅም ነበር፣ አልዋሽም። አግዳሚው ላይ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ከሲስተር ጋር ያወራችውን አጫወተችኝ። የደም ዓይነቷ ኔጌቲቭ ነው። ሲስተር ይህን እንዳየች የባሏንም አስመርምራ፣ ከወለደች በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የምትወጋው መርፌ እንዳለ ለእሷም ለባሏም ደጋግማ ነግራቸዋለች። ካልተወጋች የእሷ ደም ከሚቀጥለው ልጇ ደም ጋር አልስማማ ብሎ ልጁን ይጎዳል፤ ሾተላይ የሚባለው እሱ ነው አሉ። አያቴ ልጆቿ ተራ በተራ የሞቱባት ጎረቤት ነበረቻት፤ ሰው «ሾተላይ አለባት» እያለ ይሸሻት ነበር። ሳስበው ሆዴ ተላወሰ። ለካ መርፌ አለው።

ተራዬ ደርሶ ገባሁ። «ቁጭ በይ የኔ እናት፣ መጀመሪያ ትንፋሽሽ ይመለስ» አለችኝ። ግፊቴን ወዲያው አልለካችኝም። «ጀርባሽን አስደግፊ፣ እግርሽን አታነባብሪ፣ አታውሪ» አለችኝ። ወሬ ለምወድ ለእኔ የመጨረሻዋ ነበረች የከበደችኝ። ዝም ብዬ እንደተቀመጥኩ ዓይኗ አንገቴ ላይ አረፈ።

«ቀለበትሽ አንገትሽ ላይ ምን ይሠራል?»

ሳቅሁ። ጣቴ ወፍሮ አልገባ ስላለኝ ሰንሰለት ላይ አንጠልጥዬው ነበር። እሷ አልሳቀችም። ወንበሯን ስባ መጥታ እጄን ገለባብጣ አየች። አውራ ጣቷን ቁርጭምጭሚቴ ላይ ጫን አድርጋ ለቀቀች፤ የጣቷ ጉድጓድ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ጥያቄ ጀመረች። ራስሽን ያምሻል? ዓይንሽ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልብሻል? እዚህስ፣ ከጎድንሽ ሥር? ሁሉንም አዎ፣ አዎ፣ አዎ። ያን ሁሉ ጊዜ እነዚህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ለካች። ትንሽ ቆይታ እንደገና ለካች። «እግር ብዙ እርጉዞችን ያብጣቸዋል» አለችኝ፣ «እጅና ፊት ሲጨመርበት ግን እኔ እንቅልፍ አይወስደኝም።» ለነፍሰ ጡር 140/90 ሲደርስ ጀምሮ ግፊት ይባላል አሉ። የኔ ያንን ጥሎ ሄዷል። ሽንቴ ውስጥም ፕሮቲን ተገኘ። ይህ የእርግዝና ግፊት ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የሚመጣ፣ በመጀመሪያ እርግዝና የሚበዛ፣ ዝም ከተባለ እናትየውን እስከማንቀጥቀጥ የሚያደርስ ነገር ነው። ፕሪኤክላምፕሲያ ይሉታል። ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ፤ እሷ አስረድታኛለች፣ እኔ ግን እያለቀስኩ ነበር።

ከሁሉ በላይ የማልረሳው ቀጥሎ ያለችኝን ነው። «ስሚኝ፣ ጨው በልተሽ አይደለም። ተናደሽ አይደለም። ያጠፋሽው ነገር የለም። እኛ ጋ ደርሰሻል፣ አሁን ሥራው የኛ ነው።» እህቶቼ፣ ይህን የሚል ሰው በስንት ብር ይገዛል?

መርፌ ወጋችኝ፤ የሚያቃጥል መርፌ ነው፣ እንዳያንቀጠቅጠኝ የሚሰጥ። ሪፈር ጽፋ ወረቀት አስይዛ አልሸኘችኝም። መጀመሪያ ሆስፒታሉ ጋ ደውላ አልጋ መኖሩን አረጋገጠች። ከዚያ አምቡላንሱ ውስጥ አብራኝ ገባች። ፈረቃዋ አልቆ ነበር። ልጇን ከትምህርት ቤት እንድታመጣላት ጎረቤቷን በስልክ ስትለምን ሰማኋት። ብርድ ብርድ ሲለኝ ነጠላዋን ደረበችልኝ። ሆስፒታል ስንደርስ ወረቀቱን ለሐኪሙ ሰጥታ፣ በቃልም ነግራ፣ እሱ ሲመረምረኝ በዓይኗ አይታ ነው የተመለሰችው። ነጠላውን «በኋላ ትመልሺልኛለሽ» ብላኝ ሄደች።

የዚህ በሽታ መድኃኒቱ መውለድ ነው አሉ። የመውለጃ ወሩም ገብቶ ስለነበር ምጥ የሚያመጣ መድኃኒት ሰጡኝ። ማርያም ደረሰችልኝ። ልጄ ክብደቱ ትንሽ ቀነስ ቢልም ጩኸቱ ሙሉ ነበር፤ አሁን ጉንጩን ብታዩት! አማቴ ጸበል ይዘው ሲመጡ ግፊቱ በጸበል ይወርዳል፣ የታዘዘልሽ የግፊት ክኒን ይቅር ብለው ነበር። ሲስተር በስልክ አነጋገረቻቸው። «እማማ፣ ጸበሉንም ትጠጣ፣ ክኒኑንም በሰዓቱ ትዋጥ» አለቻቸው። አሁን ሰዓቱ ሲደርስ ክኒኑን የሚያቀብሉኝ እሳቸው ናቸው።

ከወለድኩም በኋላ አልተወችኝም። «ወለድኩ ብለሽ እንዳትዘናጊ፣ አራስም ግፊት ይነሳባታል፣ እስከ 6 ሳምንት ድረስ ተለኪ» እያለች ትደውላለች። ማን ይደውላል በዚህ ዘመን? ደሞዝ የማይጨመርበት ሥራ ነው እኮ።

እባካችሁ እርጉዝ የሆናችሁ፣ ቤታችሁ እርጉዝ ያለች፣ ሂዱባት። ኮልፌ ሩቅ ከሆነባችሁ ሰፈራችሁ ያለውን ጤና ጣቢያ ሞክሩ፤ እንደ እሷ ያሉ አዋላጆች ብዙ እንደሆኑ ትነግረኛለች፣ እኔ ባላምናትም። ክትትሉን ቶሎ ጀምሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው ምክር ቢያንስ 8 ጊዜ መታየት ነው፣ የመጀመሪያው በ12 ሳምንት ውስጥ። ድሮ 4 ነበር። 8 በዛ አትበሉ፤ እኔ በገንዘቤ ከዚያ ያላነሰ ተመላልሼ ግፊቴን የለካ አልነበረም። የትም ሂዱ፣ ክንዳችሁን ሳያስሩ «ደህና ነሽ» የሚሏችሁን አትመኑ። ልኩኝ በሉ። ቁጥሩንም ካርዳችሁ ላይ አስጽፉ።

ባሎችም አብራችሁ ግቡ፣ ሲስተር በር ላይ ማስቆም አትወድም።

የምትሄዱ ጠዋት ማለዳ ድረሱ፣ ከረፈደ ሰልፉ አይቻልም። ካርዳችሁን፣ የሌላ ቦታ ውጤት ካላችሁም እሱን ይዛችሁ ሂዱ። ከቤት ስትወጡ ደግሞ ሽንት ቤት አትግቡ፤ ኩባያውን ይዛ ነው የምትጠብቃችሁ።