ሜትሬን ይዤ የገባሁበት ቤተ መጻሕፍት

የቤት ዕቃ ሠሪ ነኝ። ሐዋሳ ውስጥ ጠረጴዛና ቁም ሣጥን ስገጥም ነው ያረጀሁት ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በዚህ ምክንያት ሰው ቤት ስገባ ከሰላምታው በፊት ዓይኔ የሚያርፈው ወንበሩ ላይ ነው፤ ባለቤቴ «ለቅሶ ቤት እንኳን አታርፍም» እያለች ትቆጣኛለች። ስለ ሰፈራችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለመጻፍ ስነሣም ከወንበሩ ብጀምር አይፈረድብኝ።

የቤተ መጻሕፍቱን ስም አልጠራም። ከታች የማነሣቸውን ቅሬታዎች ለኃላፊዎቹ ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ፤ ሰምተውኛልም። በአደባባይ ስም ማንሣት ከዚያ በላይ የሚጨምረው የለም። የሰፈሩ ሰው ከገለጻዬ ያውቀዋል።

የንባብ አዳራሹ ወንበሮች እንጨት ናቸው። ፕላስቲክ አይደሉም፤ የስብሰባ አዳራሾችን የሞላው የብረት ወንበርም አይደለም። ሜትር ከኪሴ ስለማይጠፋ ለካሁ፤ ጥበቃው በጥርጣሬ እያየኝ። መቀመጫው ከወለል 45 ሴንቲ ሜትር፣ ጠረጴዛው 75 ሴንቲ ሜትር ነው። በሁለቱ መካከል ያለችው 30 ሴንቲ ሜትር ናት ሰውን ለሰዓታት አስቀምጣ ትከሻውንና ወገቡን የማትጎዳው። ይህቺን ያላወቀ ስንቱ ሠሪ ነው የተማሪ ጀርባ ያጎበጠው! እግሮቹ በምስማር አልተመቱም፤ እንጨት እንጨት ውስጥ ገብቶ በኮላ ታስሯል። ከሥራቸው ደግሞ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ተለጥፏል። ወንበር ሲጎተት የሚሰማው ያ ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ እዚህ ቤት የለም። ማን እንዳሰበበት ጠይቄ ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ ናት አሉኝ፤ ጎማውን ከሰፈር ጎሚስታ ለምና ራሷ ቆርጣ ያደረገችው ነው። ለዚህች ሴት ደመወዝ ይጨመርላት ብዬ አመልክቻለሁ። ሳቁብኝ።

ወንበሩ ላይ ይህን ያህል የቆየሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሐዋሳ የመቀመጫ ድኻ አይደለችም። ፍቅር ሐይቅ ብትሄዱ፣ አሞራ ገደል የዓሣ ሾርባ ልትጠጡ ብትወርዱ፣ በየመንገዱ የዛፍ ጥላ ሥር ሁሉ ወንበር አለ። ሁሉም ግን የሚከራይ ነው። ቡናህን ጠጥተህ ስኒው ሲደርቅ አስተናጋጇ ያላቆሸሽከውን ጠረጴዛ መጥረግ ትጀምራለች። ሁለተኛ ማኪያቶ ታዛለህ፤ ወይም ትነሣለህ። በቤተ መጻሕፍቱ «ምን ልታዘዝ?» የሚል የለም። መታወቂያ ታሳያለህ፣ መዝገብ ላይ ትፈርማለህ፣ ቦርሳህን ለጥበቃው ታስረክብና ከብረት የተቆረጠች ቁጥር ተቀብለህ ትገባለህ። ከዚያ በኋላ እስኪዘጋ ድረስ የአንተ ነው። ብታነብ ታነባለህ፤ ዝም ብለህ መስኮት ብታይም የሚያስነሣህ የለም። አይቻለሁ፤ እኔም አድርጌዋለሁ።

ሰዎቹን ብታዩዋቸው ይህ ነጻ ወንበር ለማን እንደሚጠቅም ይገባችኋል። ጠዋት ጋዜጣው ጠረጴዛ ላይ ጡረታ የወጡ መምህራን አሉ። አዲስ ዘመንን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ ጨረታ ማስታወቂያው ይጨርሱታል፤ የደረሳቸው የትናንቱ ቢሆን እንኳን ቅር አይላቸውም። ከሰዓት በኋላ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የጠዋት ፈረቃ የወጡ ልጆች ይመጣሉ። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በከተማችን የአንድ ክፍል ኪራይ የት እንደደረሰ ሁሉም ያውቃል፤ እነዚህ ልጆች ሦስትም አራትም ሆነው አንድ ክፍል ይጋራሉ። አንዷ ስትተኛ ሌላዋ መብራት ማጥፋት አለባት። አንዲት ልጅ የማታ ትምህርት እየተማረች ነው፤ «ጋሼ፣ እኔ ቤት ጠረጴዛ የለኝም፣ ጠረጴዛዬ ይሄ ነው» አለችኝ። አንድ የባጃጅ ሾፌርም አለ። ባጃጁን ውጭ ጥላ ሥር አቁሞ፣ ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ የታሪክ መጽሐፍ ያነባል። ደንበኛ ሲጠራው ገጹን አጥፎ ይሮጣል። ገጽ ማጠፉ ያናድደኛል፤ ቁራጭ ወረቀት ሰጥቼዋለሁ፤ አሁንም ያጥፋል።

ትልቁን ቦታ የሚይዙት ግን የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። አልፈርድባቸውም። አገር አቀፉ ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆነው ተገኙ። ከዚያ ወዲህ በየቤቱ የገባውን ጭንቀት የ12ኛ ክፍል ልጅ ያለው ወላጅ ያውቀዋል፤ እኔም አለችኝ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ፈተናው በከፊል በኮምፒውተር መሰጠቱ ሲታወቅ፣ ጥግ ላይ ያሉት ጥቂት ኮምፒውተሮች ወረፋ የሚያዝባቸው ሆኑ። የኮምፒውተር ማውስ ይዘው የማያውቁ ልጆች እዚያ ተለማምደዋል። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች በሰው የግማሽ ሰዓት ገደብ አድርገው፣ ሰዓቱን በግድግዳ ሰዓት እያዩ ያስነሣሉ። ጥሩ አድርገዋል።

ያልተደረገው የወንበር መያዙን ነገር ማስቆም ነው። አንድ ቀን ባዶ ወንበር አግኝቼ ልቀመጥ ስል አጠገቡ ያለው ልጅ ቀና አለ።

«ጋሼ ይቅርታ፣ ሰው አለበት።»

«ማን?»

ጠረጴዛው ላይ ወደተቀመጠ ደብተር በአገጩ ጠቆመኝ። ደብተሩ እስከ ቀትር ብቻውን ተቀምጦ አጠና። ባለቤቱ አልመጣም። በውኃ ፕላስቲክ የተያዘም አይቻለሁ፤ በአንድ ሻርፕ ሦስት ወንበር የተያዘበትም ጊዜ አለ። ለሥራ ኃላፊው ነገርኩት። «ተማሪዎች ናቸው፣ ምን እናድርግ» የሚል መልስ ሰጠኝ። ምን እንደሚደረግማ ይታወቃል! ሩብ ሰዓት የጠፋ ሰው ደብተሩ ተነሥቶ ጥበቃው ጋ ይቀመጥ፤ ይህን የሚል ወረቀት ይለጠፍ። ልብ ወለድ ሊያነብ የመጣ ሰው ከፈተና ተፈታኝ ያነሰ ጉዳይ ያለው አድርጎ የመቁጠር ነገር በአዳራሹ ውስጥ ይታየኛል፤ አልወደድኩትም። ለደስታው የሚያነብ ሰው እዚያ ሲቀመጥ ካላዩ እነዚህ ልጆች መጽሐፍን ከፈተና ጋር ብቻ አጣብቀው ነው የሚያድጉት።

ወደ መደርደሪያዎቹ ልለፍ። መጻሕፍቱ የተደረደሩት ሜልቪል ዲዊ የተባለ አሜሪካዊ በ1876 እ.ኤ.አ. ባወጣው የቁጥር አመዳደብ ነው። መጀመሪያ ላይ ከጀርባቸው የተለጠፈው ቁጥር የንብረት ቁጥር ይመስለኝ ነበር። በመረጃ ጠረጴዛው ያለችውን ባለሙያ «እህቴ፣ ስለ እንጨት ሥራ የሚያወራ ነገር ይኖራችኋል?» ብዬ ጠየቅኋት። ካርድ አላገላበጠችም፣ ኮምፒውተርም አልነካችም። «684 ጋ ይምጡ» ብላ ከፊቴ ሄደች። አራት መጽሐፍ ብቻ ነው ያለው፤ ሁሉም እንግሊዝኛ፣ ሁሉም ከእኔ ልጅ በዕድሜ የሚበልጡ። ግን ሥዕል አላቸው፤ የመሳቢያ ጥግ አገጣጠም እንደ ጣት እየተቆላለፈ የሚሄደውን ደረጃ በደረጃ ያሳያሉ። የሥዕሉን ልክ በወረቀት ገልብጬ ወሰድኩ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሮቹን ለመድኳቸው። የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ነው፤ እዚያ መደርደሪያ ፊት ሁልጊዜ ሰው ይቆማል። በ800ዎቹ ውስጥ ያለው የአማርኛ ልብ ወለድ ደግሞ በብዛት ከመነበቡ የተነሣ ሽፋኑ በፕላስተር የተጠገነ ነው። የሲዳምኛ መጻሕፍት ለብቻቸው አንድ መደርደሪያ አላቸው። ቁጥራቸው ገና ትንሽ ነው፤ ይበልጡም የመማሪያ መጻሕፍት ናቸው። ለክልሉ የሥራ ቋንቋ ከዚህ የሰፋ ቦታ ቢጠበቅ ተገቢ ነው፤ በተለይ ተረትና ግጥም።

መደርደሪያዎቹን በተመለከተ እንደ ባለሙያ የምለው አለኝ። ከቺፑድ የተሠሩ ናቸው፤ አንዳንዶቹ 120 ሴንቲ ሜትር ያህል ያለ ድጋፍ ተዘርግተዋል። ተደርድሮ የቆመ መጽሐፍ በአንድ ሜትር ወደ 30 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ቺፑድ ያን ተሸክሞ ዓመት ሲቆይ ይጎብጣል፤ ጎብጦም ሲያነሡለት አይመለስም። ከ90 ሴንቲ ሜትር በላይ መርዘም የለበትም፣ ከረዘመም መሐሉ ላይ ቋሚ ይግባለት። የሕግ መጻሕፍቱ ያሉበት መደርደሪያ ሆዱ ወርዶ ከሥሩ ያሉትን መጻሕፍት ራስ መጫን ጀምሯል። በነጻ ላስተካክል ብዬ ጠይቄያለሁ። የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ደብዳቤ ያስፈልጋል ተባልኩ፤ ደብዳቤ አስገባሁ።

መጽሐፍ ወደ ቤት አይሰጥም። ይህ ከሁሉም በላይ የከነከነኝ ነው። የሚጠፋ መጽሐፍ እንዳለ አውቃለሁ፤ ሠራተኛዋ ለጠፋው በደመወዟ ልትጠየቅ እንደምትችልም ነግራኛለች፤ እንዲህ ከሆነ እኔም እሷን ብሆን አልሰጥም። ግን ሥራ ውሎ ማታ የሚገባ ሰው መቼ ያንብብ? በቅርቡ መጻሕፍት መደብር ገብቼ አንድ ልብ ወለድ ስገዛ ሦስት ባለ ሁለት መቶ ብር ኖት አውጥቼ የተመለሰልኝ ለባጃጅ ብቻ የምትሆን ነበረች። ለዚህ ነው ውሰት ቅንጦት አይደለም የምለው። ማስያዣ ገንዘብ ይጠየቅ፣ ዋስ ይጠራ፣ መጀመሪያ ሁለት ሁለት ቅጂ ያላቸው ብቻ ይሰጡ፤ መንገድ አይጠፋም።

የሕፃናቱ ክፍል የተለየ ሐሳብ ይፈልጋል። በጣም ትንሽ ክፍል ነው። ምንጣፍ ተነጥፎበታል፣ ወንበሮቹ ከጉልበቴ በታች ናቸው፣ መጻሕፍቱ ደግሞ ጀርባቸውን ሳይሆን ፊታቸውን ወደ ልጁ አዙረው ነው የቆሙት። ማንበብ ያልጀመረ ልጅ መጽሐፍ የሚመርጠው በሥዕሉ ነውና ይህን ያሰበ ሰው ልጅ ያውቃል። ሐዋሳ በዚህ ነገር የቆየ ታሪክ አላት። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ይሠሩ ነበር፤ ወደ አገራቸው ተመልሰው ኢትዮጵያ ሪድስ በተባለው ድርጅታቸው አማካይነት በአህያ የሚጎተተውን ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት የጀመሩት እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። ሲኤንኤን በ2008 እ.ኤ.አ. ከዓመቱ አሥር ጀግኖች አንዱ አድርጎ መርጧቸዋል። ያን ጋሪ አይቼዋለሁ። ጎኖቹ ተከፍተው መደርደሪያ ይሆናሉ፣ ልጆች ይከቡታል። ያኔ ያየሁት እንደ ሙያተኛ ስለነበር ማጠፊያው ላይ ነበር ዓይኔ፤ ልጆቹን ያስተዋልኩት ከማጠፊያው በኋላ ነው። አሁን በዚህ ክፍል ልጆቻቸውን ይዘው ከሚመጡት እናቶች አንዷ ያን ጋሪ ተከትላ እንደሮጠች ነግራኛለች።

ጉድለቶቹን ቶሎ ልጨርስ። መብራት ሲሄድ የሚነሣ ጄኔሬተር የለም። መጸዳጃው አለ፣ ውኃው ግን አንዳንድ ቀን ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ የክረምት ዝናብ ሲወርድ ሰው ገጹን ያያል እንጂ አያነብም። በጋ ላይ ደግሞ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እየመጡ ጣሪያው ላይ ይንጎራደዳሉ፤ አዲስ የመጣ አንባቢ ሌባ ወጣ ብሎ ሲደነግጥ አይቻለሁ። ወፎቹን ማስቆም የኃላፊዎቹ ሥራ አይደለም፤ እኔም ይቅሩ አልልም፣ ደስ ይለኛል።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ መታወቂያ ያዙ፤ የፋይዳም የቀበሌም ይሆናል። የራሳችሁን መጽሐፍ ይዛችሁ ከሆነ ስትገቡ ለጥበቃው አስመዝግቡ፤ አለዚያ ስትወጡ ክርክር ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በሐይቁ በኩል ስለምትገባ በምዕራብ መስኮት በኩል ያሉት ጠረጴዛዎች ዓይን ይወጋሉ፤ ከሰሜኑ ግድግዳ ሥር ተቀመጡ። ቅዳሜ የሚሠራው እስከ ቀትር ብቻ ነው፤ እሑድ ዝግ ነው። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ምንጣፉ ላይ ጫማ አውልቆ መግባት ግዴታ ነውና፣ ከቤት ስትወጡ ካልሲያችሁን አንድ ጊዜ እዩት።