ላልተሠራ አውሮፕላን ቀብድ አትክፈሉ

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ የስፖርት ፓይለት ፈቃድ ላላችሁና እየተማራችሁ ላላችሁ ነው። «አዲስ ቀላል አውሮፕላን፣ ሐይቅ ላይም ሜዳ ላይም ያርፋል፣ ክንፉ ይታጠፋል፣ ፈጥናችሁ ተራ ያዙ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ካርዳችሁን ወደ ኪሳችሁ መልሱ።

ነገሩ ወቅታዊ ነው። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን (ኤፍኤኤ) በጁላይ 2025 ሞዛይክ የሚባለውን አዲስ ደንብ አጽድቋል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ውሃ ላይ ለሚያርፉ ቀላል አውሮፕላኖች የነበረው የ1,430 ፓውንድ የክብደት ጣሪያ ቀርቷል። በሩ ሲከፈት አምራቹም ይበዛል፣ ቆንጆ ሥዕል ብቻ ይዞ ቀብድ የሚሰበስበውም ይበዛል።

አይኮን የሚባለው ኩባንያ የሠራውን፣ ውሃ ላይም ሜዳ ላይም የሚያርፈውን የኤ5 አውሮፕላን ታሪክ የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። 2008 ላይ ለሕዝብ ሲታይ ያላማረው ሰው አልነበረም። ሁለት ሰው ይይዛል፣ ክንፉ ታጥፎ በመኪና ይጎተታል፣ ውስጡ እንደ ስፖርት መኪና ነው። ዋጋው 139,000 ዶላር ተባለ። ሰው ተሰልፎ ቀብድ ከፈለ። ከዚያ ጥበቃ መጣ፣ ረጅም ጥበቃ። በ2016 ኩባንያው 175 አውሮፕላን ሊሠራ አቅዶ ዕቅዱን ወደ 20 አወረደው። በ2017 ደግሞ ሙሉ ዕቃ የተገጠመለት ዋጋ 389,000 ዶላር ደረሰ። በመጀመሪያው ዋጋ ባጀቱን የሠራ ሰው ምን ይሁን?

ውሉም ሌላ ጉድ ነበር። በ2016 ለገዢዎች የቀረበው ሰነድ 40 ገጽ ገደማ ነው። የአብራሪውን ክፍል የሚቀዳ መሣሪያ ይገጠማል ይላል። አውሮፕላኑ 30 ዓመት ሲሞላው ከአገልግሎት ይወጣል ይላል። የመክሰስ መብትንም ያጠባል። ጩኸቱ ሲበዛ ኩባንያው ውሉን አሻሻለው። ልብ በሉ፣ የተሻሻለው ገዢዎች አንብበው ስለጮኹ ነው።

አውሮፕላኑ መጥፎ ነው አላልኩም። በ2017 ሰው የሞተባቸውን አደጋዎች የመረመሩት ባለሙያዎች ዋናው ምክንያት ያሉት የአብራሪዎቹን ዝቅ ብሎ መብረር ነው። የእኔ ጭቅጭቅ ከአውሮፕላኑ ሳይሆን ከግዢው መንገድ ጋር ነው።

በኤፕሪል 2024 ኩባንያው ቻፕተር 11 ገባ፣ ማለትም ዕዳውን መክፈል ሲያቅተው በኪሳራ ሕግ የፍርድ ቤት ጥበቃ ጠየቀ፤ በዚያው ዓመት ለሌላ ባለሀብት ተሸጠ። ብዙ ሰው የማያውቀው እዚህ ላይ ነው። ቀብድ ከከፈላችሁ በሕግ ዓይን ለኩባንያው ያለ መያዣ ያበደራችሁ ሰዎች ናችሁ። ኩባንያው ሲወድቅ መያዣ የያዘው ባንክ ወይም ባለሀብት ከፊታችሁ ይሰለፋል። ለግል መጠቀሚያ ቀብድ የከፈለ ግለሰብ የተወሰነ ቅድሚያ አለው፣ ግን ያ ቅድሚያ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ከ3,800 ዶላር አያልፍም፤ ያውም የሚከፈል ነገር ከተረፈ። ድርጅቱን በኪሳራ ፍርድ ቤት በኩል የሚገዛው ደግሞ ብዙ ጊዜ ንብረቱን እንጂ የድሮውን ዕዳ አይወስድም። የመጀመሪያው እንዳይመስላችሁ። ትንንሽ ጄት ይሠራ የነበረው ኤክሊፕስ በ2008 ሲከስር ቀብድ የከፈሉ ደንበኞች አልቅሰዋል።

እኛ እቁብ የምናውቅ ሰዎች ነን። ቀድሞ የደረሰው ዋስ ሳይጠራ ብሩን አይነካም። የማያውቁት ኩባንያ ግን ያለ ዋስ ብር ሲጠይቅ እንሰጣለን፤ አይገባኝም።

ስለዚህ ሻጩን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ ገንዘቤ ማን ጋ ይቀመጣል? መልሱ «ኤስክሮ» ካልሆነ፣ ማለትም አውሮፕላኑ እስኪደርስ ገለልተኛ ሦስተኛ ወገን የሚይዘው ሂሳብ ካልሆነ፣ ተዉት። «ቀብዱ ተመላሽ ነው» ማለት ብቻውን ምንም አይደለም። ተመላሽ የሚሆነው መላሹ ገንዘብ እስካለው ነው። የመጨረሻው ዋጋ በቁጥር ይጻፍ፤ ማስረከቢያው ሲዘገይ ምን እንደምታገኙም ይጻፍ። ውሉን ጠበቃ ያንብበው። ለጠበቃ የምትከፍሉት ከምታጡት አይበልጥም።

ውሃ ላይ ማረፍ የራሱ ሥልጠና እንዳለውም አትርሱ። ጎማ ወርዶ ውሃ ላይ ማረፍ አውሮፕላኑን በአፍንጫው ይገለብጠዋል፤ የዚህ ዓይነት አውሮፕላን ኢንሹራንስ ውድ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። የጨው ውሃ ደግሞ ብረቱን ይበላዋል፤ ካረፋችሁ በኋላ በንጹሕ ውሃ ማጠብ አለ። ሁሉም ሐይቅም አውሮፕላን አይፈቅድም፤ ቤታችሁ አጠገብ ያለው ይፈቅድ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

በጣም ካማራችሁ ያገለገለ ፈልጉ። ተሠርቶ የቆመ፣ የጥገና መዝገቡ የተሟላ፣ ገለልተኛ መካኒክ ከፍቶ የሚያየው። እሱንም ቢሆን መጀመሪያ ኢንሹራንስ ሻጩ ጋ ደውሉ፤ የበረራ ሰዓታችሁን ንገሩትና የዓመቱን ክፍያ በጽሑፍ ይላክላችሁ። እኔ የማውቃቸው ሰዎች ብዙዎቹ ሐሳባቸውን የቀየሩት ያ ወረቀት ሲደርሳቸው ነው።