ለውሻ ፎቶ የመጣችው ኳስ፦ ከ9 ወር በኋላ

እህቴ ሐምሌ ላይ ከውጭ ስትመጣ ለኔ ሽቶ፣ ለውሻችን ኳስ ይዛ መጣች። ኳሷ የምትሰካው ስልክ ጫፍ ላይ ነው። እንደ ልብስ መቆንጠጫ ያለ ፕላስቲክ አላት። ሲጫኗት ሲጥ ትላለች። ውሻው ኳሷን ሲያይ ካሜራውን ያየ ይመስላል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

የውሻችን ስም ማን አለብኝ ነው። ያወጣለት አባቴ ነው፤ ለማን እንደሆነ ሰፈሩ ያውቃል። ከዚያ በፊት ያነሳሁት ፎቶው ሁሉ ወይ ጅራት ነው ወይ ጥቁር ጭስ።

ደሴ በሐምሌ ያው ናት። የጦሳ ተራራ ጭጋግ ለብሷል፣ ግቢው ጭቃ ነው። ኳሷን ሰክቼ ሲጥ አደረግኳት። ማን አለብኝ ጆሮውን ቀሰረ፣ አንገቱን ወደ ግራ ሰበር አደረገ። ጎረቤታችን አባባ ባጥር በኩል አይተውኝ "ለውሻ ፎቶ! መታወቂያ ልታወጪለት ነው እንዴ?" አሉኝ። ይሳቁ። ያ ፎቶ ዛሬም የስልኬ ፊት ላይ አለ።

ደስታዬ ሁለት ሳምንት ቆየ። ከዚያ ኳሷ ሲጥ ብትል ዞር ብሎም አያያት። እውነቱን ነው፤ ከድምፁ በኋላ የሚመጣ ነገር ከሌለ ምን አስጨነቀው? ያወጣኝ ቋንጣ ነው፤ ጨውና በርበሬ ሳይነካው ለሱ ለብቻው የሰቀልኩት። አንድ ሲጥ፣ አንድ ፎቶ፣ ጥፍር የምታክል ቋንጣ። በሳምንቱ ጆሮው ተመለሰ።

ያናደደኝ ቀለሟ ነው። ቀይ ናት። ውሻ ደህና አድርጎ የሚለየው ሰማያዊና ቢጫ ነው፤ ቀይ ለሱ ደብዛዛ ነገር ነው። ቀለሟ የተመረጠው ለገዢው ዓይን መሆን አለበት። እኔ አውልቄ ቢጫ የቴኒስ ኳስ በስቼ ተካሁ። ሲጥታዋ ቀረ፤ አሁን ድምፁን በአፌ ነው የማወጣው። ሰው ሳይኖር።

መቆንጠጫዋን ግን አመሰግናለሁ። ቋንጣውን በእጄ ብቻ ስይዝ ውሻው የሚያየው እጄን ነው፤ ፎቶው ላይ ዓይኑ ወደ ጎን ይሸሻል። ኳሷ ከሌንሱ አጠገብ ስለምትቆም ዓይኑ ቀጥ ብሎ ይገባል። ጥቁር ለሆነ ውሻ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ፊቱን ነክቼ ብርሃኑን ጨመር አደርጋለሁ። ካልሆነ ዓይኑ ከፀጉሩ ጋር ይጠፋል።

ችግርም አላት። የስልኬ ካሜራ ጥግ ላይ ስለሆነ ሌንሱን ትሸፍነዋለች፤ ስልኩን ገልብጬ ነው የምይዘው። በ5ኛው ወር ሽቦዋ ላላ፣ ላስቲክ አሰርኩባት። ያም ሆኖ አንዳንዴ ትስፈነጠራለች። ያኔ ፎቶው ቀረ፤ ማን አለብኝ ኳሷን ነክሶ ግቢውን ይዞራል፣ እኔ ከኋላው።

ድመታችን ኳሷን ገና ከጅምሩ ንቃ ሄደች። ድመት የሚንቀሳቀስ ነገር ትፈልጋለች። የገና ዶሮ ላባ በክር አንጠልጥዬ መቆንጠጫዋ ላይ አሰርኩ፤ ነፋሱ ሲያወዛውዘው መሬት ላይ ተለጥፋ አፍጥጣ ቀረች። ፍላሽ አልጠቀምም። ከዓይኗ ጀርባ ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላለ ፎቶው ላይ ሁለት አምፖል ነው የሚወጣው።

ጥር ላይ ማን አለብኝን ይዘን ሐይቅ ሄድን። ውኃው ዳር ወፎቹን ካየ በኋላ ኳስም ቋንጣም አላቆመውም። ያመጣሁት ጅራት ነው፣ እንደ ድሮው።

ባለፈው ሳምንት አባባ ራሳቸው መጡ። ለአረፋ የሚሸጡት በግ አለ፤ ፎቶው ኮምቦልቻ ላለ ልጃቸው ይላክ አሉ። "አብሽሪ፣ ቶሎ ያልቃል" አሉኝ። በጉ ግን ፊቱን ግድግዳ ላይ ሰክቶ እምቢ አለ። ኳሷን ነቅዬ እፍኝ ሣር ሰካሁ። ዞረ። አንገቱን ቀና አድርጎ ስልኩን ትክ ብሎ አየው። ሁለት ፎቶ እንዳነሳሁ ሣሩን ከነላስቲኩ በላው።